ከሞያሌ ገበያ እስከ ናይሮቢ ቄራ፦ የበሬ ሥጋን ጥራት የሚወስነው ምንድን ነው?

ሞያሌ ድንበር የለያቸው የሁለት ከተሞች የጋራ መጠሪያ ነው። ሰሜናዊቷ ሞያሌ በኢትዮጵያ፣ ደቡባዊቷ ደግሞ በኬንያ የማርሳቢት ካውንቲ ውስጥ ትገኛለች። በኬንያዋ ሞያሌ ለሽያጭ የሚቀርበው የቀንድ ከብት ከወዲያም ከወዲህም ካለው የቦረና ምድር የሚነዳ ነው። ቦረናዎች፣ ገብራዎች፣ ገሪዎችና ቡርጂዎች ሲሸጡት፣ ሲገዙትና ሲያሻግሩት ኖረዋል። በእንዲህ ያለው ገበያ ሚዛን ብርቅ ነው። ገዢው የወይፈኑን ቁመና በዓይኑ ለክቶ፣ ዳሌውን ዳብሶ፣ ደላላም መሐል ገብቶ ዋጋ ይቆረጣል።

የተሸጠው ከብት ናይሮቢ ለመድረስ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀረዋል። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ከመልበሱ በፊት ጉዞው በእግር ከሆነ ሳምንታት፣ በጭነት መኪና ከሆነ ደግሞ በኮረኮንች ላይ ቀናት ይወስድ ነበር። መንገዱ ያለቀው በ2010ዎቹ አጋማሽ ገደማ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። በታኅሣሥ 2020 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና የወቅቱ የኬንያ ፕሬዝዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የሞያሌን የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ መረቁ። ርቀቱ ግን አላጠረም፤ የከብቱም ተፈጥሮ አልተለወጠም።

ከአርብቶ አደር አካባቢ የመጣ ሥጋ ጠንካራና ጠቆር ያለ ነው የሚል ቅሬታ በከተማ ገዢዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ጥፋቱም ለዝርያው ይሰጣል፤ «የዜቡ ሥጋ ምን ሊሆን ነው?» ይባላል። ዝርያ የራሱ ድርሻ አለው። ይሁን እንጂ የሥጋ ሳይንስ የሚያሳየን ሌላም ነገር አለ፦ አብዛኛው ልዩነት የሚፈጠረው ከብቱ ባደገበት ሁኔታ፣ ከመታረዱ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት፣ ከታረደም በኋላ ባለው አንድ ቀን ውስጥ ነው። ይህን መለየት ለአርቢው ትርጉም አለው፤ ዝርያን መለወጥ የትውልድ ሥራ ሲሆን የመጨረሻዎቹን ቀናት ማስተካከል ግን የሳምንት ሥራ ነውና።

ሥጋ አስቀድሞ ጡንቻ ነው

ከስብ የጸዳ የበሬ ሥጋ 75 በመቶ ያህሉ ውኃ፣ 20 በመቶ ገደማው ፕሮቲን ነው። የቀረው ስብ፣ ማዕድናትና በመጠኑ አንድ በመቶ ገደማ የሆነ ግላይኮጅን የሚባል የተከማቸ ስኳር ነው። በመጠን ከሁሉ የሚያንሰው ይህ ስኳር በሥጋው ዕጣ ላይ ያለው ሥልጣን ግን ከሁሉ ይበልጣል።

ጡንቻ የተሠራው ከረጃጅም ክሮች ነው፤ ክሮቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። አንደኞቹ ቀያይና ዝግ ያሉ ናቸው፤ በኦክስጅን አማካይነት ስብን ቀስ በቀስ እያቃጠሉ ለሰዓታት ሳይደክሙ ይሠራሉ። ሁለተኞቹ ነጣ ያሉና ፈጣኖች ናቸው፤ ኦክስጅን ሳይጠብቁ ግላይኮጅንን አፍርሰው በአፍታ ብዙ ጉልበት ያወጣሉ፤ ቶሎም ይዝላሉ። በመካከል ሁለቱንም መንገድ የሚያውቁ ክሮች አሉ። ከውኃ ወደ ግጦሽ፣ ከግጦሽ ወደ ውኃ ሲመላለስ የኖረ በሬ ጡንቻው ወደ ቀዩ ወገን ያደላል። ሥጋው ደመቅ ያለ ቀለም የሚይዘው ለጡንቻው ኦክስጅን የሚያከማቸው ማዮግሎቢን የተባለ ቀለም ያለው ፕሮቲን ስለሚበዛበት ነው።

ባለ ሉካንዳ ይህን በስሙ ባይጠራውም በቢላዋው ያውቀዋል። ሽንጥ በሥራ ብዙ የማይደክም ጡንቻ በመሆኑ ለስላሳ ነው። ወርች ግን የከብቱን ግንባር ሲሸከም የኖረ፣ ጅማትና ተያያዥ ሕብረ ሕዋስ የበዛበት በመሆኑ ረጅም እሳት ይፈልጋል። ሻኛ ደግሞ ጡንቻና ስብ የተቀላቀለበት ስለሆነ የራሱ ወዳጆች አሉት።

ከእናት ማሕፀን የሚጀምር ታሪክ

አንድ ጥጃ በሕይወት ዘመኑ የሚኖሩት የጡንቻ ክሮች ብዛት በአብዛኛው የሚወሰነው ገና ሳይወለድ ነው። የላም እርግዝና 283 ቀናት ገደማ ይፈጃል። የመጀመሪያዎቹ ክሮች በእርግዝናው መጀመሪያ አካባቢ ይዘረጋሉ፤ አብዛኞቹ ግን ከሁለተኛው ወር እስከ ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ወር ባለው ጊዜ ይፈጠራሉ። ከዚያ በኋላ አዲስ ክር እምብዛም አይጨመርም። ከልደት በኋላ ጡንቻ የሚያድገው ያሉት ክሮች እየወፈሩና እየረዘሙ ሲሄዱ ነው።

ስለዚህ ላሟ በእርግዝናዋ አጋማሽ ከተራበች ፅንሱ የሚገኘውን ምግብ ለአንጎልና ለልብ ቅድሚያ ሰጥቶ ጡንቻውን ያሳንሳል። ረኀቡ ወደ መጨረሻ ወራት ሲሆን ደግሞ በጡንቻ መካከል ወደፊት ስብ የሚሆኑት ሕዋሳት ይቀንሳሉ። ይህ ጉድለት ከብቱ አድጎ ሲቀለብ ሙሉ በሙሉ አይካካስም። በምሥራቅ አፍሪካ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው በአካባቢው ከ9 ሚሊዮን በላይ የቁም እንስሳት ማለቃቸውን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አስታውቆ ነበር። ሞያሌ፣ ማርሳቢትና ቦረና ክፉኛ ከተመቱት አካባቢዎች መካከል ናቸው። የሞቱት ተቆጥረዋል። በዚያ ረኀብ ውስጥ ተፀንሰው በሕይወት የተወለዱት ጥጆች ግን ጉዳታቸውን በሰውነታቸው ይዘው እያደጉ ነው፤ ያንን የሚቆጥር መዝገብ የለም።

ከልደት በኋላም ፉክክሩ ይቀጥላል። በቦረና ቤት የላሟ ወተት የቤተሰቡም የጥጃውም ቀለብ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የነበረው የቀድሞው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የቁም እንስሳት ማዕከል በ1980ዎቹ በቦረና ባካሄዳቸው ጥናቶች አንዱ ዋና ጉዳይ ይኸው ነበር፦ ቤተሰቡ በቸገረው መጠን ለጥጃው የሚቀረው ወተት ያንሳል፤ የጥጃው ዕድገትም ወደ ኋላ ይቀራል። ልጅና ጥጃ ለአንድ ጡት ሲሻሙ እናትየው የምታደርገውን ምርጫ ከሩቅ ሆኖ «ኋላ ቀር አረባብ» ብሎ መፈረጅ ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም።

በዝናብ የሚወፍር፣ በበጋ የሚከሳ

ሰውነት ሲያድግ ቅደም ተከተል አለው። አስቀድሞ አጥንት፣ ቀጥሎ ጡንቻ፣ በመጨረሻ ስብ ይመጣል። ስቡም ቢሆን ተራ አለው፦ መጀመሪያ በኩላሊትና በሆድ ዕቃ ዙሪያ፣ ከዚያ በጡንቻዎች መካከል፣ ቀጥሎ ከቆዳ ሥር፣ በመጨረሻ በጡንቻው ውስጥ በክሮቹ መሐል ይቀመጣል። ገዢዎች ከፍተኛ ዋጋ የሚከፍሉበት እንደ እብነ በረድ የተዥጎረጎረ ሥጋ የሚገኘው ከዚህ የመጨረሻ ስብ ነው። ከሁሉ ዘግይቶ የሚመጣው እርሱ ስለሆነም፣ ትርፍ ምግብ ያላገኘ ከብት እዚያ ደረጃ ሳይደርስ ይታረዳል። የጃፓኑ ዋግዩ በጡንቻው ውስጥ ከ20 በመቶ በላይ ስብ ሊይዝ ሲችል፣ በሣር ብቻ ያደገ ዜቡ ግን ከአንድ እስከ ሦስት በመቶ አካባቢ ነው የሚይዘው።

በቦረና ምድር ዓመቱ ሁለት ዝናብ አለው። ዋናው ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው «ገና» ነው (ከልደት በዓል ጋር ዝምድና የለውም)። አጭሩ ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር የሚመጣው «ሐጋያ» ነው። ከብቱ በዝናቡ ወራት ይወፍራል፤ በበጋ ያገኘውን መልሶ ይከስራል። ዕድገቱ ቀጥ ያለ መስመር ሳይሆን ደረጃ ነው፤ አንዳንዱም ደረጃ ወደ ታች የሚወርድ ነው። በዚህ ምክንያት ቀለብ የጠገበ ከብት በሁለት ዓመት የሚደርስበትን ክብደት የቦረና ወይፈን አራት ዓመት አልፎት ሊደርስበት ይችላል።

ዕድሜው ደግሞ ሥጋው ውስጥ ይጻፋል። የጡንቻ ክሮችን የሚያስተሳስረው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ነው። በወጣት ከብት ውስጥ ኮላጅኑ ሲበስል ቀልጦ ይለሰልሳል። ዓመታት ሲያልፉ ግን ኮላጅኑ እርስ በርሱ በጠንካራ ማሰሪያዎች ይቆላለፋል፤ እነዚያ ማሰሪያዎች በተራ ጥብስ እሳት አይፈቱም። አንድን ያረጀ በሬ ለጥብስ የማያበቃው፣ ለረጅም ወጥ ግን የሚያስመሰግነው ይህ ነው።

ነገር ግን የበጋው ረኀብ ጉዳት ብቻ አይደለም፤ ድንቅ የሚባል ምላሽም ይከተለዋል። የተራበ ከብት ዝናብ ሲመጣና ሲጠግብ ሳይራብ ከኖረ እኩያው በፈጠነ ፍጥነት ያድጋል። ሰውነቱ በችግር ጊዜ ወጪውን ቀንሶ ስለነበረ የሚያገኘው ምግብ በቀጥታ ወደ ጡንቻ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ፕሮቲን በብዛት ይፈርሳል፣ በብዛትም ይሠራል። አዲስ የተሠራው ኮላጅን ገና አልተቆላለፈም፤ ፕሮቲን የሚያፈርሱት ኢንዛይሞችም ንቁ ናቸው። በዚህ የፈጣን ዕድገት ወቅት የታረደ ከብት ሥጋው ለስለስ ሊል የሚችለው ለዚህ ነው። በአዳማና በሞጆ አካባቢ ያሉ አደላቢዎች የቦረና ኮርማዎችን ገዝተው ሦስት ወር ገደማ ቀልበው ወደ ውጭ ገበያ ሲልኩ የሚጠቀሙት በዚሁ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ በርሃብ የተጠራቀመውን ዕዳ ተፈጥሮ በእነርሱ እጅ ትከፍላለች። ትርፉም የሚገኘው ሞያሌ ወይም ያቤሎ ላይ ከሳ ብሎ የሸጠው ሰው ዘንድ አይደለም።

ዝርያው ምን ያህል ተጠያቂ ነው?

የዜቡ ሥጋ ከአውሮፓ ዝርያዎች ሥጋ ይልቅ የመጠንከር ዝንባሌ እንዳለው በተደጋጋሚ ታይቷል። ምክንያቱም ይታወቃል። ከዕርድ በኋላ ካልፔይን የሚባሉ ኢንዛይሞች የጡንቻውን ክሮች እየቆራረጡ ያለሰልሱታል፤ ካልፓስታቲን የተባለ ሌላ ፕሮቲን ደግሞ ካልፔይንን ያግደዋል። በዜቡ ጡንቻ ውስጥ አጋጁ በርከት ይላል። ስለዚህ ሥጋው ለመለስለስ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል።

ቦረና ግን ተራ ዜቡ አይደለም፤ በደሙ ውስጥ ከዜቡ በተጨማሪ የጥንታዊ የአፍሪካ ከብቶች ድርሻም አለበት። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ከሞያሌ በስተደቡብ የሚገኘው ነው። የኬንያ ባለ ርስቶች ከቦረና ሰዎችና ከሶማሌ ነጋዴዎች የገዟቸውን እነዚሁን ከብቶች በላይኪፒያና በአካባቢው አራቡ፤ በ1951 የቦራን ከብት አርቢዎች ማኅበርን መሠረቱ። ትውልድ ከትውልድ እየመረጡ፣ ግጦሹን እያፈራረቁና ውኃን እያቀረቡ ያሳደጉት ቦራን ዛሬ በሥጋው የሚታወቅ ከብት ነው። ፅንሱም በ1990ዎቹ እስከ አውስትራሊያና ደቡብ አፍሪካ ድረስ ተልኳል። ምርጫው ዝርያውን እንዳሻሻለው አያጠራጥርም። ነገር ግን ሥሩ አንድ ነው፤ የላይኪፒያው ሰንጋ አያቶች የጠጡት ከቦረና ጥልቅ የቱላ ጉድጓዶች ውኃ ነበር።

የመጨረሻዎቹ ቀናት

ከብቱ ሲታረድ ልቡ ይቆማል፤ ጡንቻው ግን ወዲያው አይሞትም። ኦክስጅን የተቋረጠበት ጡንቻ ያለውን ግላይኮጅን እያፈረሰ ለሰዓታት ለመኖር ይታገላል፤ ከዚህ ትግል ላክቲክ አሲድ ይወጣል። በሕይወት ሳለ የጡንቻው የአሲድ መለኪያ (ፒኤች) 7 ገደማ ነው። ሁሉ ነገር በደህና ከሄደ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ 5.5 አካባቢ ይወርዳል። ያ መጠነኛ ኮምጣጣነት ሥጋውን ያደምቀዋል፣ ባክቴሪያንም ያዘገያል።

ግላይኮጅኑ አስቀድሞ ያለቀበት ከብት ግን አሲድ የሚያመነጭበት ነገር የለውም። ፒኤቹ ከ6 በላይ ይቀራል። ሥጋው ውኃውን አጥብቆ ይይዛል፤ ክሮቹ ያብጣሉ፤ ብርሃንን ከማንጸባረቅ ይልቅ ይውጣሉ። በውስጡ ያሉት የኃይል ማመንጫዎች፣ ማለትም ማይቶኮንድሪያዎቹ፣ ከአየር የሚገባውን ኦክስጅን ስለሚሻሙ ማዮግሎቢኑ ደማቅ ቀይ አይሆንም። ውጤቱ ጥቁር፣ ጠጠር ያለና ላዩ ደረቅ ሥጋ ነው። ባክቴሪያዎችም ስኳር ሲያጡ በቀጥታ ፕሮቲኑን ስለሚበሉ ቶሎ ይሸታል። ይህ ሥጋ መርዝ አይደለም፤ መደርደሪያ ላይ ግን አይቆይም፤ በዓይን የሚገዛ ሰውም አይመርጠውም።

ታዲያ ግላይኮጅኑ የት ሄደ? በሞያሌ መንገድ ላይ ሄደ። ከግጦሽ እስከ ገበያ የእግር ጉዞ አለ፤ ከገበያ በኋላ ያለ ሣርና ያለ ውኃ የሚያልፉ ሰዓታት አሉ፤ ከዚያ መኪና ላይ ሚዛን ለመጠበቅ ቀንና ሌሊት ቆሞ መታገል አለ። ከሁሉም የሚከፋው የማይተዋወቁ ኮርማዎችን አንድ ላይ መጫን ነው። እርስ በርስ ሲገፋፉና ሊከናነቡ ሲሞክሩ የሚያወጡት ጉልበት በሰዓታት ውስጥ የጡንቻቸውን ስኳር ያራቁታል። ፍርሃትም አድሬናሊንን ለቅቆ ያንኑ ያደርጋል። በጉዞው የከብቱ ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። መጀመሪያ የሚጎድለው የሆድ ዕቃና ውኃ ነው፤ ጉዞው ሲረዝም ግን ሥጋው ራሱ ይጎድላል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነጥብ አለ። ሰው ሲደክመው ዳቦና ሻይ ቀምሶ በአንድ ቀን ያገግማል። የሚያመሰኳ እንስሳ ግን እንዲህ አይደለም። የበላውን በጨጓራው ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት አስቀድመው ስለሚያብላሉት በቀጥታ የሚያገኘው ስኳር ጥቂት ነው፤ የሚበዛውን ጉበቱ ራሱ ከሌላ ነገር መሥራት አለበት። ስለዚህ የተራቆተ ጡንቻ እንደገና እስኪሞላ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ቄራ በር ላይ ሌሊት አሳድሮ ውኃ ማጠጣት ከብቱን ያረጋጋዋል፤ ለቆዳው መገፈፍም ይበጃል፤ የባከነውን ስኳር ግን አይመልስም።

ቦረናዎች በበጋ ከብታቸውን በሦስተኛው ቀን አንድ ጊዜ እያጠጡ ሩቅ ግጦሽ ማዳረስን ያውቁበታል። በዚህ አኗኗር የጸና ከብት ጥማትን ይችላል፤ ወጪውንም ይቆጥባል። ያ ጽናት ግን በገዛ መንጋው፣ በሚያውቀው እረኛና በራሱ እርምጃ ሲጓዝ ነው። መኪና ላይ የተጫነ ኮርማ እንደዚያ አይሆንለትም።

ከቢላዋ በኋላ

ትኩስ ሥጋ ለስላሳ ነው፤ ጡንቻው ገና አልደረቀም። የቁርጥ ወዳጆች ማለዳ የታረደውን ረፋድ ላይ ሲፈልጉት ያለ ምክንያት አይደለም (ልስላሴ ግን ንጽሕና ማለት አይደለም፤ ኮሶ ትል በጥሬ ሥጋ እንደሚተላለፍ መርሳት አይገባም)። ሰዓታት ሲያልፉ የጡንቻው ጉልበት ሲያልቅ ክሮቹ ተቆላልፈው ይደርቃሉ፤ ሥጋው ከሁሉ ይልቅ የሚጠነክረው ከዕርዱ በኋላ ባለው የመጀመሪያው ቀን አካባቢ ነው። ከዚያ ካልፔይን ሥራውን ሲሠራ እንደገና ይለሰልሳል። በ0 እና በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት የተሰቀለ ሥጋ የሚወደደው ለዚህ ነው። በሞያሌም ሆነ በብዙ የናይሮቢ ሰፈሮች ግን ሥጋ በታረደበት ወይም በማግሥቱ ተሽጦ ያልቃል። ያም ማለት ደንበኛው ሥጋውን የሚያገኘው እጅግ ጠንካራ በሚሆንበት ሰዓት ላይ ነው፤ የአጋጁ ፕሮቲን ብዛት ላለበት ዜቡ ደግሞ ይህ ድርብ ጉዳት ነው።

ማቀዝቀዣ ሲመጣ ሌላ ወጥመድ ይመጣል። በ1963 የታተመ የኒውዚላንድ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው፣ ጡንቻ ሳይደርቅ ፈጥኖ ከቀዘቀዘ ክሮቹ በኃይል ተኮማትረው ሥጋው እንደ ጎማ ይሆናል። ስብ የለበሰ ትልቅ በሬ ሙቀቱን ቀስ ብሎ ይለቃል። ከሳ ያለ የቦረና ወይፈን ግን የሚሸፍነው ስብ ስለሌለው ቶሎ ይበርዳል። ለወፍራም ከብት የተሠራ ማቀዝቀዣ ለቀጭን ከብት እንዲሁ አይሆንም፤ የመጀመሪያዎቹን አሥር ሰዓታት ገደማ ከ10 ዲግሪ በላይ ማቆየት ያስፈልጋል። ሌላው መላ ዋጋ የማያስወጣ ነው፦ ሬሳውን እንደ ልማዱ በቋንጃ ሳይሆን በዳሌ አጥንት መስቀል። ያን ጊዜ የሽንጡና የታፋው ጡንቻ በራሱ ክብደት ተወጥሮ ይደርቃል፤ ሊኮማተርም አይችልም። መንጠቆ ብቻ የሚጠይቀው ይህ ዘዴ በአካባቢው አለመለመዱ ያስገርማል፤ ምናልባትም በአሰቃቀል የሚበዛው ቦታ ያስፈራቸው ይሆናል።

በ1950 የተቋቋመው የኬንያ የሥጋ ኮሚሽን በአቲ ሪቨር የሚያርድ ሲሆን፣ ከሰሜን የሚመጣውን ከብት በቅርብ አርዶ ሥጋውን በማቀዝቀዣ መኪና መላክ ይሻላል የሚለው ሐሳብ ሲነሳ ቆይቷል። ከጡንቻ አንጻር ሲታይ ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ስኳሩ በመንገድ ሳያልቅ ይታረዳልና። ችግሩ መብራት፣ ውኃና ቀዝቃዛ መኪና በማይቋረጥ ሁኔታ መገኘታቸው ላይ ነው። እነዚያ እስኪሟሉ ድረስ በቅርብ የሚቻለው፣ አንድ መንጋ አብሮ ያደገውን ሳይለያዩ መጫን፣ ኮርማዎችን ከባዕድ ኮርማ ጋር አለመቀላቀል፣ መንገድ ላይ ማሳረፍ፣ ቄራው አካባቢም ድርቆሽና ሞላሰስ እየሰጡ ቀናት ማቆየት ነው።

የቀለቡን ወጪ ማን ይችላል የሚለው ጥያቄ ግን አልተፈታም። ሞያሌ ላይ ዋጋው የሚቆረጠው በግምት ነው። የናይሮቢ ገዢ ደግሞ ሥጋው ጠቁሮ ሲወጣ ያን ኪሳራ ለሚቀጥለው ገበያ ያስባል፤ ነጋዴው ለሚቀጥለው ወይፈን የሚሰጠውን ዋጋ ይቀንሳል። ጉዞው ያጠፋውን የሚከፍለው፣ መኪናው ላይ ያልነበረው አርብቶ አደር ነው። ከ2010 ጀምሮ በማርሳቢት፣ ከ2012 ጀምሮ ደግሞ በቦረና የድርቅ የከብት መድን ተጀምሯል፤ የግጦሹን ሁኔታ በሳተላይት እየለካ ካሣ ይከፍላል። መድኑ የሚያየው ሣሩን ነው። በመኪና ላይ የሚያልቀውን ስኳር የሚለካው እስካሁን ድረስ ቄራ ውስጥ ያለው የሥጋ ፒኤች መለኪያ ብቻ ነው፤ የእርሱም ንባብ ወደ ሞያሌ ገበያ ተመልሶ አይመጣም።